ለመቅረት የተጠሩት እንግዳ

እኔ ለሙኤል ታትል ስለ ጥሪ ወረቀት ክፉ ሲወራ መስማት አልወድም። በሃሎዌል ከተማ በማተሚያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእርሳስ ፊደል ስለቅም ኖሬአለሁ፤ የእኛ የዊግ ፓርቲ ካሳተመው ወረቀት በእነዚህ ጣቶች ያላለፈ የለም። የስብሰባ ማስታወቂያውን፣ ለየወረዳው ኃላፊ ብቻ የሚላከውን ምስጢራዊ ሰርኩላር፣ ሰው ሳጥን ውስጥ የሚጥለውን የምርጫ ወረቀት፣ ሁሉንም አትሜአለሁ። የጥሪ ወረቀት ግን ይበልጥብኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ዙሪያውን የወይን ሐረግ ይዞረዋል፤ ከላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ፤ መሀል ላይ ለተጠሪው ስም አንድ ባዶ መስመር ይተዋል። ጭቃ ከጫማው ያልለቀቀ ገበሬ ይህን ከፖስታ ቤት ተቀብሎ ሲያነብ ወገቡ ቀና ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አገር ንጉሥ የለም፤ ሰውን የሚያከብረው ወረቀት ነው።

ታዲያ ወረቀቱ የሚላከው እንዲመጡ ለምንፈልጋቸው ሰዎች ብቻ አልነበረም። የሚመጣ ትልቅ ሰው ጣጣው ብዙ ነው፤ ጥብስ ይበላል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ንግግር ከጀመረ ማን ያቆመዋል? የማይመጣ ትልቅ ሰው ግን የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል። «እኔ በአካል ባልገኝም ልቤ ከእናንተ ጋር ነው» ይላል፤ ፓርቲውን ያመሰግናል፣ ተቃዋሚውን ይረግማል። ደብዳቤው በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ታትሞ ለሰው ይታደላል፣ በየወረዳው ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱም ፓርቲዎች ሩቅ ላለ፣ ለታመመና ላረጀ ሰው የጥሪ ወረቀት አይሰስቱም ነበር። ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

በ1844 ምርጫ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ዳኛ ፊላንደር ስቶዳርድ ጸሐፊ አድርጎ ሾመኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው ስም ስደረድር ኖሬ በዚያ ዓመት የራሴን ስም ከጥሪው ወረቀት ግርጌ ለቀምኩ።  ከዳኛው ስም ትንሽ ብቻ አሳነስኩት፤ ትሕትና ነው ብዬ።

ታላቁ ስብሰባችን በመስከረም፣ ሐሙስ ቀን፣ በመስኪንገም ወንዝ ዳር ካለው የወርካ ጥላ ሥር ሊሆን ተቆረጠ። ጭንቀታችን የላይኛው ጅረት ገበሬዎች ነበሩ። መቶ አርባ መራጮች ናቸው፤ ዛሬ ወደ እኛ ነገ ወደ ተቃዋሚዎቻችን ወደ ዴሞክራቶች ሲወዛወዙ የከረሙ። የእነሱን ልብ የሚያገኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሳሄል በርዲክ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የመሬት ኩባንያ የአባቶቻቸውን እርሻ ሊነጥቅ ሲመጣ፣ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ቆመው የተከራከሩላቸውና የረቱላቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም በስተ ሰሜን ካለው ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ በሠረገላ የሦስት ቀን መንገድ። ለይቅርታ ደብዳቤ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል?

በባዶው መስመር ላይ ስም የምትሞላው ባለቤቴ ቲርዛ ነበረች፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል። የበርዲክን ስም ስትጽፍ ብዕሯን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቢመጡስ?» አለች።

«አይመጡም።»

«እንግዳ ጠርቶ እንዳይመጣ የሚጸልይ ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው።

አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣልን። አንዱ በሪህ፣ አንዱ በክስ፣ አንዱ በሚስቱ መውለድ አመካኝቷል፤ ሁሉም ልባቸው ከእኛ ጋር ነው። ከበርዲክ ግን ምንም የለም። ማክሰኞ፣ ደብዳቤዎቹ በሚታተሙበት ቀን፣ ዳኛ ስቶዳርድ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣ። ጓንቱን ሳያወልቅ ቆሞ፣ የሽማግሌው ደብዳቤ ዘገየ እንጂ አልቀረም፣ ምን እንደሚል ደግሞ እኔም አንተም እናውቃለን፣ ስለዚህ አንተው አትመው አለኝ። ነገሩ ገባኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ስሜ በዚያ ወረቀት ላይ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ላጣው አልፈለግሁም።

ረቂቅ እንኳ አልጻፍኩም። ከፊደል ሳጥኑ እየለቀምኩ በቀጥታ ደረደርኩት። «እግሮቼ ቢከዱኝም ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ዛሬም በሕልሜ ከላይኛው ጅረት ምንጭ እጠጣለሁ። ልጆቼ ሆይ፣ እንደ አንድ ሰው ሆናችሁ ለእጩዎቻችን ድምፅ ስጡ።» ሌላም ሌላም አለበት። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ሳነብ የራሴ ውሸት ራሴን አስለቀሰኝ። ስምንት መቶ አተምኩ።

ሐሙስ ማለዳ ከተማው በሠረገላ ተጨናነቀ። ከየወረዳው ባንዲራና ከበሮ ይዘው መጡ፤ አንዱ ወረዳ የፓርቲያችንን ምልክት፣ ሙሉ የግንድ ጎጆ፣ በእንጨት መንኮራኩር ላይ ጭኖ በስምንት በሬ እያስጎተተ ገባ። ሁለት በሬ ከትናንት ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠበስ አድሯል፤ የፖም ጠጁ በበርሜል ተደርድሯል። አራት ሺህ ሰው ይሆን ነበር። እኔ ደብዳቤዎቹን እያደልኩ በሕዝቡ መካከል አለፍኩ። የላይኛው ጅረት ሰዎች የእኔን ደብዳቤ ተቀባብለው አነበቡት። አንድ ሽበታም ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው። አየሁትና ማደሌን ቀጠልኩ።

ቲርዛ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«መጥተዋል» አለችኝ።

«ማን?»

«የጠራኸው ሰው ነዋ።»

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

አሳሄል በርዲክ ከእንግዳ ማረፊያው ደጅ፣ ሠረገላው ካወረዳቸው ቦታ፣ በእንጨት ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጥቁሩ ኮታቸው ሞዱ ያለፈበት ቢሆንም ተቦርሿል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። የጥሪ ወረቀታችን በእጃቸው ነበር። ተደጋግሞ ከመታጠፉ የተነሣ መሀሉ ሊበጠስ ደርሷል። የሠረገላው ነጂ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ ፈረስ በቀየርንበት ጣቢያ ሁሉ ለሰው ሲያሳዩት ነው የመጡት አለኝ።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?» አሉኝ። «ስምህ እዚህ አለ። መልስ መጻፍ ነበረብኝ፤ ደብዳቤው ከሚደርስ እኔ እደርሳለሁ ብዬ ተውኩት።»

በእኔ ላይ ሁለት ጥፋት ነበረብኝ። አንደኛው በስማቸው የጻፍኩት ደብዳቤ ነው፤ እሱ ከአሁን በኋላ አይደበቅም፤ ሕዝቡ እጅ ገብቷል። ሁለተኛው ግን ጥሪው ራሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በሠረገላ ተንገላተው የመጡት ሰው የተጠሩት እንዲቀሩ ነበር። ስሜ ቢጠፋ ይጥፋ። ይህን ሁለተኛውን እንዳያውቁ ግን ነፍሴን ብሰጥ አይቆጨኝም ነበር።

የታተመውን ደብዳቤ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«እግሮቼን የት አየሃቸው?»

«አላየኋቸውም፣ ጌታዬ።»

«የላይኛው ጅረት ምንጭ የለውም። የምንጠጣው ከጅረቱ ነበር፤ ያውም ከብት ከማይወርድበት በኩል።» ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት። «ማነው የጻፈው?»

ዳኛው አዞኝ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቲርዛ ደግሞ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በዚህ መሀል ዳኛ ስቶዳርድ እየሮጠ ደረሰ። መሮጡ ለክብሩ አይመጥንም፤ ግን ወሬው ቀድሞታል። ሽማግሌውን እጅ ነሥቶ አንድ ዘዴ አመጣ። ሕዝቡ የሚወደው ነገር ነው አለ፤ ደብዳቤውን ከጻፉ በኋላ እግራቸው ዳነ፣ ልባቸው አላስችል ብሏቸው ተነሥተው መጡ እንላለን፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ንግግር አለ? ዳኛው እያወራ በራሱ ዘዴ ፊቱ እየበራ ሄደ። በርዲክ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«በወረቀት የወጣ በወረቀት ነው የሚመለሰው» አሉ። «እኔ መድረኩ ላይ እቀመጣለሁ። ደብዳቤውን የጻፈው ይህ ልጅ መሆኑ ታትሞ ሰዉ እጅ እስኪገባ ድረስ አንድ ቃል አልናገርም።»

ዳኛው ክንዴን ጨብጦ ወደ ጎን ወሰደኝ። የዴሞክራቶቹ ጋዜጣ አዘጋጅ ዚናስ ፓይክ እዚሁ ሕዝብ ውስጥ እንደሚዞር፣ ይህ ነገር ነገውኑ በጋዜጣው ፊት ገጽ እንደሚወጣ፣ ወረቀቱን ካተምኩ ጸሐፊነቴ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ በጆሮዬ ነገረኝ። በርዲክ የሰሙት መሰለኝ።

«ልጄ፣ ምርጫው ያንተ ነው» አሉ። «እምቢ ካልክ በመጣሁበት ሠረገላ እመለሳለሁ። ለማንም አልናገርብህም።»

እንደሚያደርጉት አላጠራጠረኝም። ቁልቁል ተጉዘው የመጡትን ሦስት ቀን፣ አሁን ደግሞ ሽቅብ፣ ያቺን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ! የመቅረት ጥሪዬ ያን ጊዜ በደንብ ተፈጸመ ማለት ነው። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥኩ።

አሥራ ሁለት መስመር ነው የደረደርኩት። ዛሬ ጠዋት በክቡር አሳሄል በርዲክ ስም የታደለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አንድ ቃል አላዋጡበትም፤ በሕይወት፣ በጤናና በእግራቸው ቆመው እዚህ አሉ፤ ለሚገባቸው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሥሩ ስሜን ለቀምኩ። ለዚህኛው ትልቁን ፊደል ተጠቀምኩ፤ የተደበቅሁ እንዳይመስል። ፊደሉን ማተሚያው ላይ አስሬ ቀና ስል በሩ ላይ ዚናስ ፓይክ ቆሟል።

ዚናስ አሥር ዓመት በጋዜጣው ሲሰድበኝ የኖረ፣ እኔም ያልተኛሁለት ሰው ነው። መጥቶ የተደረደረውን ፊደል አነበበ፤ ፊደል ለቃሚ ስለሆነ በግልባጩ ማንበብ አይቸግረውም።

«ለሙኤል፣ ብቻህን ቀለም እየቀባህ ብቻህን ስትጫን እስከ ማታም አትጨርስም» አለና ኮቱን አወለቀ። የቀለም መቀቢያውን አነሣ። «በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ቀለም ቀብቼ አላውቅም።»

እሱ ይቀባል፣ እኔ ወረቀት አስገብቼ መጫኛውን እስባለሁ። መሥራት ያውቅበታል፤ ይህን ለማንም አልደብቅም። መቶ ያህል እንደወጣ ግን አንዱን ወረቀት አንሥቶ ደግሞ አነበበው።

«ለምን እንደጠራሃቸው አልጻፍክም» አለ።

«አልጽፍም። አንተም እንዳትጽፍ።»

ጥቂት ቀባ። ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ባለፈው ወር በእነሱ ስብሰባ ከተነበቡት አምስት ደብዳቤዎች ሦስቱን የጻፈው ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። በስማቸው ከጻፈላቸው ሰዎች አንዱ በሚያዝያ ሞቶ ኖሯል፤ ያወቁት ከሳምንት በኋላ ነው። መጫኛውን ይዤ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሦስት መቶውን ታቅፌ ተመለስኩ። እያንዳንዱን በራሴ እጅ አደልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዱ ሰካራም እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ ምን እንደመሰለው እንጃ። ያ ሽበታም ገበሬ ወረቀቱን አንብቦ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠና የጠዋቱን ደብዳቤ አውጥቶ መለሰልኝ።  ከስድቡ ሁሉ ያ ከበደኝ።

በርዲክ ይህን ሁሉ ጊዜ መድረኩ ላይ ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱ መዳረሱን ሲያዩ ተነሡ። 

«እግሬ ደህና ነው» አሉ፤ ሰዉም ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ቀጠሉ። «ይህ ፓርቲ ዛሬ ጠዋት በስሜ ዋሽቷችኋል። ከምሳ በፊት ደግሞ መዋሸቱን ራሱ ነግሯችኋል። ሌላኛው ፓርቲ እንዲህ ያደረገበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ድምፄን ለእሱ እሰጣለሁ።»

ዚናስ ፓይክ ከፊት ረድፍ ቆሞ የጠቆረ እጁን ያያል። አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በማግስቱም በጋዜጣው ስለ እኔ የጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው ስለ እጩዎቻችን አራት ደቂቃ ተናገሩ። የትኛው ለምን እንደሚሻል፣ የትኛው ምን እንደሚጎድለው፣ የራሳችንንም ጭምር። ስለዚያ ስለ ድሮው ክርክር፣ ስለ ሁለቱ ዓመት፣ ላይኛው ጅረት ባለዕዳቸው ስለመሆኑ ትንፍሽ አላሉም። በሕይወቴ ስንት ንግግር አትሜአለሁ፤ ሰው የሚገባውን ውለታ ሳያነሣ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኒያን ሰው ወደድኳቸው። አሁንም እወዳቸዋለሁ።

የላይኛው ጅረት በኅዳር ምርጫ ከመቶ አርባው ዘጠና ስድስቱ ለእኛ ሰጡ። በንግግሩ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም፤ በአገር ደረጃ ለማንኛውም ተሸንፈናል። ዳኛ ስቶዳርድ ግን ቃሉን ጠብቋል። ጥብሱ ከመቆረጡ በፊት የኮሚቴውን መዝገብ ከእኔ ተረክቦ ጸሐፊነቱን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሣር ላይ ተበትኖ ሲበላ በርዲክን ከአንድ ወርካ ሥር አገኘኋቸው። የላይኛው ጅረት ሰዎች ከበዋቸው ቆይተው ገና መሄዳቸው ነው። ጥብሱን ጨርሰው የበቆሎ ዳቦውን ይቆርሱ ነበር። አጠገባቸው እንድቀመጥ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«በል አሁን ሌላውን ንገረኝ» አሉ።

«የትኛውን፣ ጌታዬ?»

«ለምን እንደጠራኸኝ።»

 ሕዝቡ ሊያያቸው ይናፍቅ ስለነበር ምናምን ማለት ጀመርኩ። ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ለዛሬ የዋሸኸው ይበቃሃል» አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። «እኔም ኮሚቴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬአለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን ልኬአለሁ መሰለህ፤ ተጠሪው ብድግ ብሎ እንዳይመጣብኝ እየሰጋሁ። ያንተን ስቀበል ከፖስታ ቤቱ በር ሳልወጣ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን መጡ?»

 ከወንዙ በኩል ከበሮው ተጀምሯል፤ ጥቂት እሱን ያዳመጡ መሰሉ።

«ሚስቴ በመጋቢት ሞተች» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ይምጡ የሚል ነገር የደረሰኝ ይኸው ያንተ ብቻ ነው።»

  ቤታችን ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ መሆኑን፣ ቲርዛ ሳጥናቸውን አስገብታ አልጋ እንዳነጠፈችላቸው፣ የፈለጉትን ያህል ከእኛ ጋር እንዲሰነብቱ ነገርኳቸው። ቶሎ አልተነሡም። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከልቤ መሆኔን ይመረምሩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ተነሡ።